ድንኳኑን ማን ወሰደ ብዬ ለጠየቅኋችሁ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ተናግሬያለሁ፤ ሐሜቱን፣ ጾም መሻሬን፣ ከባሌ ወንድም ጋር ተኳርፌ መክረሜን። ይህንን ግን ጉሮሮዬ ድረስ አምጥቼ መልሼ እየዋጥኩት ኖርኩ። አባ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። አለ እንጂ። ሌላ አለ። እኔ አንዲት ንጹሕ ሴት ሌባ አሰኝቻለሁ። በገዛ አፌ ሌባ ናት አላልኩም። እናንተን ነው ያስባልኳችሁ።

እናንተን የምለው በፌስቡክ በዚያ በልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ወዳጆች ግሩፕ ውስጥ የነበራችሁትን ነው። ብዙዎቻችሁ ረስታችሁኝ ይሆናል። «የዲላዋ እናት» ስትሉኝ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ማን እንደሆንኩ አታውቁም ነበር፤ አስተያየቴን እንጂ እኔን አታውቁም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ዲላ ውስጥ በአንድ ቡና መጋዘን ለቀማ እሠራ ነበር። ባሌ ሹፌር ነበር፤ ዲላና ይርጋጨፌ ሲመላለስ ኖሮ በሕመም ሞተብኝ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ቤዛ። ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራይቼ፣ ቀን ቀን እየለቀምኩ፣ ልጄን አሳደግኩ። ባሌን የቀበረልኝ የሰፈሩ እድር ነው። እድሩ ባይኖር ኖሮ ያን ቀን ምን እሆን ነበር? ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ ምን እንደፈራሁ እንድታውቁ ነው እንጂ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

መጽሐፍ ያስለመደኝም ባሌ ነው። አንድ ቀን ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ከውጭ አገር ቋንቋ የተተረጎመ ነበር። ትንሽ መንደር፣ የጠፋ ቀለበት፣ ነገር የማያመልጣት አንዲት አሮጊት። ደም የለበትም፣ ሽጉጥ የለበትም። ሰዎቹ ሻይ እየጠጡ እርስ በርስ ይጠራጠራሉ፣ መጨረሻ ላይ አሮጊቷ ሁሉንም ሰብስባ ሌባውን ታወጣዋለች። እኔ ፊደል እየቆጠርኩ፣ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ እያነበብኩ ጨረስኩት። ጨረስኩት ስል ውሸቴን ነው፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተቀደዋል። ሌባውን ራሴ ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ካለው መጽሐፍ አከራይ እየተከራየሁ ማንበብ ጀመርኩ። የኪራይ መጽሐፍ ታውቁታላችሁ፤ ስንት እጅ ዞሮ፣ ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጦ፣ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው የለም። ሰው ይሰለቻል በዚህ። እኔ ግን በዚህ ነው የሠለጠንኩት። መጨረሻ በሌለው መጽሐፍ ማን ሌባ እንደሆነ ማወቅ ለመድኩ።

መጋዘን ውስጥ እንደ ቀልድ መተረክ ጀመርኩ። ለቀማ እጅን እንጂ አፍን አይዝም። ቡናው ፊታችን ይፈሳል፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነፍሳት የበላውን እያወጣን፣ እኔ ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ። ልክ ሌባው ሊወጣ ሲል አቆማለሁ።

«እህ በይ፣ ቀለበቱን ማን ወሰደው?» ይሉኛል።

«ነገ።»

«ምን ነገ አለ! ምግብ አብሳይዋ ናት፤ አውቄያታለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ሁሌ ምግብ አብሳይዋን! ምን አደረገችሽ ሴትዮዋ?»

«ባሌን የወሰደችብኝ ምግብ አብሳይ ናታ!»

መጋዘኑ በሳቅ ይሞላል። ተቆጣጣሪው «እጅ! እጅ!» እያለ ይጮኻል። ከጎኔ የምትቀመጠው አማረች ብቻ ግምት ሰጥታ አታውቅም። «እኔ እንጃ፣ ሁሉም ያሳዝኑኛል» ትላለች፤ አንገቷን ደፍታ ትለቅማለች።

አማረች ጎረቤቴ ነበረች። የጌዴኦ ልጅ ናት፤ የትውልድ ቀዬዋ ወደ ኮቸሬ ነው። ባል አገባች፣ ልጅ አልወለደችም፣ ባሏ ትቷት ሄደ። ቤዛን ከእኔ እኩል ነው ያሳደገቻት። እኔ ለቀማ ስገባ ልጄ እሷ ቤት በልታ እሷ ቤት ትተኛለች። አደግ ካለችም በኋላ ቤዛ የአማረችን በር አንኳኩታ አታውቅም፤ እንደ ቤቷ ገፍታ ነው የምትገባው። አማረች ታማኝ ስለሆነች እድሩ የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ለእሷ ሰጥቷት ነበር። ቁልፉ ከበሯ ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል።

የስልክ ነገር የመጣው ኋላ ነው። ተከራዬ ሀብታሙ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በረንዳ ላይ ሳነብ አይቶ «ማዘር፣ አንቺ እኮ ፌስቡክ ላይ መግባት አለብሽ» አለኝ። ከፈተልኝ፣ ግሩፑ ውስጥም አስገባኝ። መጀመሪያ እኔ እየነገርኩት እሱ ይጽፋል፤ ቆይቶ እኔው በአንድ ጣቴ መልቀም ጀመርኩ። ስለ አንዱ መጽሐፍ «ደራሲው ሌባውን ገና ስናየው ላብ አስጠመቀው፤ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልሰጠንም» ብዬ የጻፍኩትን ታስታውሳላችሁ? ስለ ሌላው ደግሞ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጣፍጠው ሌባውን ስታውቀው ሳይሆን ሌባው ያልሆነውን ሰው እሱ ነው ብለህ ምለህ ስትገኝ ነው» ብዬ ነበር። ወደዳችሁልኝ። መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ሩቅ አገር ያላችሁ ሰዎች «እናታችን ምን ትላለች?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። አራተኛ ክፍል የቀረችን ሴት ማን ምን ትላለች ብሎ ጠይቋት ያውቃል? እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ይህን ያዙልኝ። ኃጢአቴ ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

ተማሪዎች የሚመረቁበት፣ ዝናቡ የሚበረታበት ሰሞን ነበር። የሰፈራችን ጡረተኛ ጋሽ ተሰማ ሞቱ። የእድሩ ልጆች ድንኳን ሊያወጡ ሄዱ። አማረች ቁልፉን ይዛ መጣች፣ ከፈተች። ድስቱ አለ፣ አግዳሚው አለ፣ ብርጭቆው አለ። ድንኳኑ የለም። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉም ጓጉንቸሩም ደህና ነው። ድንኳኑ ብቻ የለም።

ለቀስተኛው በዝናብ ቆመ። ከመጋዘን የቡና መሸፈኛ ላስቲክ ተለምኖ መጥቶ በእንጨት ተወጠረ፤ ውሃው እያጎበጠው በየመሐሉ ሰው ላይ ይፈሳል። የሟቹ ሚስት እርጥብ ነጠላዋን እንደተከናነበች ተቀምጣ «ተሴ፣ ድንኳን እንኳ ነፈጉህ?» ስትል አማረች መቆም አቅቷት ግድግዳ ይዛ አለቀሰች። ከሟቹ ልጆች የበለጠ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

በማግስቱ ቤቴ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። የቤዛ ስም ያለበት ፎቶ መጣልኝ። ተመራቂዎች ናቸው፤ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ይስቃሉ። ቤዛ ከዳር ቆማ ሳህን ይዛለች። ከኋላቸው ድንኳን አለ። በድንኳኑ ጥግ ላይ ከቡና ከረጢት የተቆረጠ እራፊ አለ፤ በሰማያዊ ናይለን ክር የተሰፋ። ያንን እራፊ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በባሌ ለቅሶ ጊዜ ነፋስ ቀዶት፣ ዓመቱን ሳወጣ ለእድሩ ምስጋና ብዬ በእጄ ሰፋሁት።

ስንት የመጽሐፍ ሌባ አውጥቻለሁ። በሕይወቴ የፈታሁት እውነተኛ ምስጢር ግን ይህ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ደበቅሁት።

ቤዛን ጠርቼ ፎቶውን አሳየኋት። ቁጭ አለችና ተንሰቀሰቀች። የምትወደው ልጅ ሊመረቅ ነው፤ ጓደኞቹ ከከተማው ወጣ ብሎ በጪጩ በኩል በተከራዩት ግቢ ድግስ አስበው ዝናቡን ፈሩ። «ለአንድ ቀን ብቻ» አሏት። አማረች ቤት ገብታ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደች፣ ድንኳኑን አወጣችላቸው፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን መልሳ ሰቀለች። ልጆቹ ድንኳኑን እንደተተከለ ትተውት አደሩ። ጠዋት የለም። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ልጁም ዲግሪውን ይዞ ወደ አገሩ ተሳፈረ፤ ስልኩን አያነሳም።

«እማዬ፣ ሄጄ ለእትዬ አማረች ልንገራት» አለችኝ። ተነሥታ ነበር። ነጠላዋን ይዛ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አፍሽን ያዢ» አልኳት።

ይህን ያለች እናት ናት? ልጄ በራሷ እግር ወደ እውነት ስትሄድ የመለስኳት እኔ ነኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ብትናገር አማረች ትገሥጻት፣ ታቅፋት፣ አብራት ታለቅስ ነበር። እድሩም ቢሆን ድንኳኑን ቀስ እያላችሁ ተኩ ይለን ነበር ይሆናል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፤ ከእድር መባረር፣ የሌባ እናት መባል፣ ስሞት የሚያነሣኝ ማጣት፣ ልጄ በየሄደችበት ጣት ሲቀሰርባት። ፈራሁ። መፍራቴ ይገባኛል። ከዚያ ያደረግኩት ነው የማይገባኝ።

የእድሩ ዳኛ ሐጂ ሸምሱ ሰውን ሰብስበው «የወሰደ ሰው እስከሚመጣው እሑድ ይመልስ፤ አናሳፍረውም» ብለው ሳምንት ሰጡ። ሰኞ መጋዘን ስገባ ሴቶቹ ያዙኝ። አማረች ለቅሶ ቤት ስለነበረች አልመጣችም።

«አንቺ መርማሪዋ፣ የፈረንጁን ሌባ ስታወጪ ከርመሽ የሰፈርሽ ሌባ ጠፋሽ?»

«ወይስ ራስሽ ነሽ?» አለች ባሏን ምግብ አብሳይ የወሰደችባት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

«ኧረ ተዉ» አለች አንዷ፣ «የምርቃቱ ዕለት ቤዛንም ከነዚያ ተማሪዎች ጋር በባጃጅ ወደ ጪጩ ስትሄድ አይቻታለሁ፤ የተጫነ ነገርም ነበር መሰለኝ።» ክፋት አልነበረባትም፤ ወሬ ነው። ነገር ግን የማወጣውን ጥቁር ፍሬ ከጥሩው ደባለቅኩት።

በዚያን ቀን ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩላችሁ።

«እስቲ ዛሬ ደግሞ መጽሐፍ ያልሆነ እንቆቅልሽ» ብዬ ነው የጀመርኩት። አንዲት ትንሽ ከተማ አልኩ። አንድ እድር አልኩ። ስም አልጠራሁም፤ «ቁልፍ ያዥዋ» አልኩ። በሩ አልተሰበረም አልኩ። ከዚያ ሦስት ነገር ደረደርኩ። ቁልፍ ያዥዋ የድንኳኑ መጥፋት ከመታወቁ በፊት ትልቅ ማዳበሪያ አሸክማ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍራለች። ስትመለስ ማዳበሪያው አልነበረም። ለቅሶው ላይ ከሟች ልጆች ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናት። «ልብ በሉ» አልኩ፣ «ማንም የማይጠረጥረውን ሰው ፈልጉ። ማን ይመስላችኋል?»

ሦስቱም እውነት ናቸው። ማዳበሪያው ውስጥ ቆጮ ነበር፤ ለታመመ ወንድሟ። እኔ ነኝ አፉን አብሬያት የሰፋሁት። ይህን አልጻፍኩም። የተሳሳተ ሰው እንዴት እንደሚያስጠረጥሩ ከየት ተማርኩት? ከምወዳቸው መጻሕፍት። ደራሲዎቹ ለጨዋታ የሚያደርጉትን እኔ በሰው ላይ አደረግኩት። አሮጊቷ ንጹሑን ነፃ ልታወጣ ነው ሁሉንም የምትሰበስበው፤ እኔ ንጹሗን ላስኮንን ሰበሰብኳችሁ።

መልሳችሁ እንደ ዝናብ ወረደ። ቁልፍ ያዥዋ። ቁልፍ ያዥዋ ናታ። የአዞ እንባ ነው ያነባችው። በማግስቱ ሀብታሙ ከግቢ ሲመለስ እየሮጠ መጣ።

«ማዘር፣ ፖስትሽ እኮ ፈነዳ! ግቢ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። የኛ ሰፈር ነው አይደል? ቁልፍ ያዥዋ ናት፤ በእናትሽ ንገሪኝ!»

«አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት።

እዚህ ላይ ነው ማፈር ያለብኝ፤ አፍሬም አልጨርሰውም። ደስ ብሎኝ ነበር። ጓደኛዬን እየቀበርኩ ላይክ እያየሁ ልቤ ይሞቅ ነበር። ያን ያህል ሰው አንድ የጻፍኩትን ነገር አንብቦልኝ አያውቅም። ልጄን ለማዳን ነው እላለሁ፤ ለልጄስ አንድ ጊዜ ከጻፍኩ በኋላ ስልኩን መዝጋት አይበቃኝም ነበር? እየተመላለስኩ ማየቴ፣ ዝም ሲል «ቆይ ሌላም ፍንጭ አለ» እያልኩ ማሟሟቄ ለማን ነበር?

አንድ ሰው ብቻ ከእናንተ መሐል ሌላ ነገር ጻፈ። «ቁልፍ ያዥዋማ በጣም ግልጽ ሆነች። ቤቷ የሚገባ የሚወጣ ሰው የለም? እንደ ልጇ የምታያት ልጅ፣ ጎረቤት? ቁልፉን የተሰቀለበት አውርዶ የሚመልስ?»

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ሰውየው እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ያየ ነው የሚመስለው። አንስቼ መለስኩለት፦ «የለም። ብቻዋን ነው የምትኖር፤ ማንም አይገባባትም።»

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ውሸቴ ይህቺ ብቻ ናት። ልጄ ጡት ከጣለች ጀምሮ የበላችበትን ቤት «ማንም አይገባበትም» አልኩ። ሰውየውም «እንግዲያው እሷ ናት» ብሎ ተወው። ወንድሜ፣ አንተ ልክ ነበርክ። እውነቱን ደጃፉ ድረስ ደርሰህበት ነበር፤ በሩን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ።

እሑድ ሲደርስ ሰው ፍርዱን ይዞ ነው የመጣው። ልጆቻቸው ከስልክ አንብበው ነግረዋቸዋል። ሐጂ ሸምሱ ተጨነቁ።

«አማረች፣ ልጄ፣ ቁልፉ ከእጅሽ ወጥቶ ያውቃል?»

«አልወጣም ሐጂ።»

«ለሰው አበድረሽው ይሆን? አስቢ፤ መርሳት ያለ ነው።»

«አላበደርኩም። ከሚስማሩ አልወረደም።» እሷ የምታውቀውን እውነት ተናገረች፤ ያው እውነት ገደል ከተታት።

«ማዳበሪያው ውስጥ ምን ነበር?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቆጮ ነዋ!»

አንዳንዱ ሳቀ። ያኔ አማረች ዞራ እኔን ፈለገችኝ። ሴቶች መሐል ተቀምጬ አገኘችኝ። «አንቺ ንገሪያቸው እንጂ» አለችኝ፣ «አንቺ ታውቂኛለሽ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቤዛ ከእኔ ኋላ ነበረች፤ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ማዳበሪያውን አብሬያት የሰፋሁ እኔ፣ ድንኳኑ የት እንደዋለ የማውቅ እኔ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። ከእድሩ ሰረዟት። ያዋጣችው ሁሉ ለድንኳኑ ማካካሻ ቀረ።

መጋዘን ውስጥ ሴቶቹ ከአጠገቧ ራቅ እያሉ መቀመጥ ጀመሩ። የቡና ፍሬ በጎደለ ቁጥር ዓይን ወደ እሷ ይሄዳል። ያ የክረምት ዝናብ ሳያባራ ቤቷን ለቃ ኮቸሬ ውስጥ ወዳለችው ሬኮ፣ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ተነሣች። ዕቃዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ብቻ ነኝ። ለምን እንደሸኘኋት አትጠይቁኝ። አውቶቡሱ ላይ ሆና እጄን ይዛ «አንቺስ አልተውሽኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለችኝ። አሜን አልኩ። አሜን አልኩ እኮ!

ልጄን አዳንኩ? ቤዛ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ዓይን ለዓይን አታየኝም። ትምህርቷን ጨረሰች፣ ነርስ ሆነች፣ ሐዋሳ ሥራ ያዘች፣ አገባች። በዓል ሲሆን ትደውላለች። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «እሺ በይ።» ሌላ ቃል የለንም። እኔም ግሩፑን ተውኩት፤ መጽሐፍም አልተከራየሁም።

ጥቂት ዓመት አልፎ ቆረጥኩና ሬኮ ሄድኩ። ልነግራት ነው የሄድኩት። ሳሙናና ስኳር ይዣለሁ፤ በመንገዱ ሁሉ የምላትን እያጠናሁ ነበር። ቡና ማጠቢያው ዘንድ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ስታገላብጥ አገኘኋት። ከስታለች፤ ፀጉሯ ከግንባሯ ሸብቷል። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እየሮጠች መጣች። «ቤዛዬስ? ቤዛዬ ደህና ናት?» የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ቤቷ ወሰደችኝ፣ አበላችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ስፈልግ ነበር» አለችኝ። «አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ከመጽሐፍ ታውቂያለሽ። እኔ መላልሼ መላልሼ አስበዋለሁ። ከጋሽ ተሰማ ሞት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ድስቱን መልሰን ያስገባን ቀን፣ እኔ በሩን ቆልፌዋለሁ? ወይስ ገርበብ አድርጌው ሄጃለሁ? ሌባ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ግን ምናልባት እኔው ራሴ ሳልቆልፍ ሄጄ ይሆናል፤ የወሰደው ሰው ሲወጣ ጓጉንቸሩን ተጭኖ ዘግቶት ይሆናል። ምናልባት የጋሽ ተሰማን ለቀስተኞች ዝናብ ያስመታኋቸው እኔ ነኝ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? መልሱ አፌ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቃል ነበር።

«ተይው እባክሽ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኳት።

ልትሸኘኝ ስንወጣ የበሯን ጓጉንቸር ቆለፈችና ጎተት አደረገችው። ጥቂት ሄደን «ቆይኝ» ብላ ተመለሰች፤ ጎተተችው። መንገዱ ዳር ደርሰን አሁንም ተመለሰች። የወንድሟ ልጆች ከአጥር ሥር ሆነው እየሳቁ «ቆልፈሻል አክስቴ፣ ቆልፈሻል!» ይሏታል። እሷም ከእነሱ ጋር ትስቃለች። እኔ አውቶቡስ ላይ ሆኜ እስከ ዲላ ድረስ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ መጣሁ። ስሟን ብቻ የወሰድኩባት መስሎኝ ነበር። ለካ በገዛ እጇ ላይ ያላትን እምነትም ወስጄባታለሁ።

ከዚያም በኋላ ዝም አልኩ። ይህንንም ጻፉልኝ፤ ካየሁ በኋላም ዝም አልኩ።

በዚህ ሰሞን ለቤዛ ደወልኩላት። ልጽፈው ነው አልኳት። ባሏ ይሰማል፣ የባሏ እናት ይሰማሉ፣ የሥራ ቦታዋ ይሰማል፤ እኔ ይህን ሁሉ አስባለሁ። ዛሬም እናት ነኝ፤ ዛሬም እፈራለሁ። «ጻፊው» አለችኝ። «የኔንም ስም ጻፊ፣ እማዬ። ያኔ ነጠላዬን ይዤ ነበር።» ከዚያ አለቀሰች፤ ከስንት ዓመት በኋላ እኔ እየሰማሁ አለቀሰች።

እሑድ እድሩ ይሰበሰባል። ሐጂ ሸምሱ አርጅተዋል፤ አሁንም ዳኛ ናቸው። ፊታቸው ቆሜ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ። ቢሰርዙኝ ይሰርዙኝ፤ የሚቀብረኝ ባጣ ይገባኛል። ከዚያ ወደ ሬኮ እሄዳለሁ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ አልላትም፤ ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ፣ እሱን ነው የምፈራው። በቀላሉ ይቅር ተብዬ ወደ ቤቴ መመለስ አልፈልግም።

እናንተን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ያን ጊዜ «ቁልፍ ያዥዋ» ብላችሁ የጻፋችሁ፣ በእናንተ ጥፋት የለም፤ ያሳየኋችሁ መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ያቺ ሴት ስም አላት። አማረች ትባላለች፤ ሬኮ ናት፤ በሕይወት አለች። ቃላችሁን መልሱላት። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ፤ ሥሩ ላይ ሄዳችሁ «እሷ አይደለችም» ብላችሁ ጻፉ። ማንበብ አትችልም፤ የወንድሟ ልጆች ያነቡላታል።

እስከዚያ ከእናንተ አንዱ ቀድሞኝ ሬኮ ቢደርስ፣ በሩን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ስትጎትት ቢያገኛት፣ የእኔን መምጣት አይጠብቅ፤ ይንገራት። አማረች፣ ያን ቀን በሩን ቆልፈሽው ነበር።